«አራት ዓይና»፦ ልጁ ራሱ የማያውቀው የዓይን ችግር

«ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው» ይባላል። አባባሉ ዓይን እያላቸው ለማያስተውሉ ሰዎች የተነገረ ነው። እኔ ግን ዛሬ ቃል በቃል ልወስደው ፈልጌያለሁ። በየትምህርት ቤቱ ዓይን እያላቸው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የማያዩ ልጆች አሉና። ዓይናቸው አይቀላም፣ አያለቅስም፣ አያማቸውም። የሚገርመው ደግሞ እነሱም እንደማያዩ አያውቁም። ስለማያውቁ አይናገሩም፤ ስለማይናገሩ «ሰነፍ» ይባላሉ።

ውድ አንባብያን፣ እኔም ከእነዚህ ልጆች አንዷ ነበርኩ። ያደግኩት ጎበሳ ነው። ጎበሳን ለማታውቁ፣ በአርሲ ዞን የሽርካ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስንዴና ገብስ የሚበቅልባት፣ ክረምቷ ጭጋግና ጭቃ የሆነ የደጋ ከተማ። የአርሲ ደጋ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው የአሰላውን ኃይሌ ገብረሥላሴንና የበቆጂዋን ደራርቱ ቱሉን ነው። ስለ እግራችን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ዓይናችን ግን እምብዛም ሲወራ አልሰማሁም። በዚህ ጽሑፍ የራሴን ታሪክ ለምሳሌ ያህል እያነሳሁ፣ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚደበቅ፣ እንዴት እንደሚለይና መነጽር ከተገኘ በኋላም ልጆች ለምን እንደማያደርጉት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሁሉም ሰው እንደኔ የሚያይ መስሎኝ

ሰው በሌላ ሰው ዓይን አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ልጅ የሚታየው ነገር ለሁሉም እንደዚያው የሚታይ ይመስለዋል። ለእኔ ባሕር ዛፍ ማለት ከሥሩ ግንድ፣ ከላዩ አረንጓዴ ጉም ያለው ነገር ነበር። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ተለያይተው የሚታዩት እጅ ላይ ሲያዙ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መምህር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የሚታየኝ የጠመኔ ነጭ ጭረት ነው። ሌሎቹ ልጆች የሚገለብጡት አጠገባቸው ከተቀመጠው ልጅ ደብተር ነው ብዬ አምን ነበር፤ እኔ እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ክፍል ውስጥ ያቆየኝ ጆሮዬ ነው። መምህሩ እየተናገረ ከጻፈ ሁሉንም እይዘዋለሁ። ዝም ብሎ ከጻፈ ግን ምንም አላገኝም። የቤት ሥራ ስሠራ 3ቱን 8፣ 5ቱን 6 አድርጌ እገኛለሁ። ታዲያ ውጤቴ አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ ይላል። «ስትፈልግ ትችላለች፣ ትኩረት የላትም» የሚለው አስተያየት በየዓመቱ ይከተለኝ ነበር።

ከክፍል ውጪም ጣጣ አለው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ታላቅን ከመንገድ ማዶ እያዩ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። እኔ ደግሞ ከመንገድ ማዶ የቆመው ሰው የማን አባት እንደሆነ አይታየኝም። «ያቺ የእገሌ ልጅ ጠግባለች እንዴ? ሰላም አትልም እኮ» የሚል ወሬ እቤት ሲደርስ እናቴ ክፉኛ ተቆጣችኝ። ከዚያ በኋላ ማንነቱን ሳላውቅ ለማዶው ሁሉ አንገቴን ዝቅ እያደረግኩ ሰላም ማለት ጀመርኩ። ሰውን ብቻ ሳይሆን እንጨት ተሸክሞ የቆመ አህያንም ሰላም ብያለሁ፤ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

ነገሩ የተገለጠው በ2007 ዓ.ም፣ አራተኛ ክፍል እያለሁ ነው። የሒሳብ መምህራችን አንድ የማይገጥም ነገር አስተዋሉ። በቃል ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ስሠራ እሳሳታለሁ። አንድ ቀን ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ አስቀሩኝና ሰሌዳው ላይ አምስት ቁጥሮች ጻፉ። ከኋላ ወንበር ተነስቼ ቁጥሮቹ እስኪታዩኝ ድረስ ወደፊት እንድራመድ ነገሩኝ። ቁጥሮቹን በትክክል ያነበብኩት ከሰሌዳው ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ነው። በማግስቱ አባቴን አስጠርተው፣ «ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም፤ ዓይኗን ያሳይዋት» አሏቸው። ያን ምርመራ ለማድረግ የፈጀባቸው አንድ ጠመኔና አሥር ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ነው።

አንድ ሚሊሜትር

ለመሆኑ ዓይኔ ምን ሆኖ ነው? ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ መጀመሪያ የሚያልፈው ኮርኒያ በሚባለው ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ነው። ከዚያ በብሌን በኩል ገብቶ ሌንሱን ያገኛል። ኮርኒያና ሌንስ ተጋግዘው ብርሃኑን ያጎብጡትና ከዓይን ጀርባ ባለው ሬቲና በሚባል ስስ ሽፋን ላይ ይሰበስቡታል። ሬቲና የተቀበለውን በነርቭ በኩል ለአንጎል ያስተላልፋል። ብርሃኑ በትክክል ሬቲናው ላይ ካረፈ ነገሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ከሬቲናው ፊት ወይም ኋላ ከተሰበሰበ ግን ይደበዝዛል።

የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ዓይኑ ከሚገባው በላይ ከረዘመ የሩቅ ነገር ብርሃን ሬቲናው ጋ ሳይደርስ ይሰበሰባል። ይህ ማዮፒያ ይባላል፤ የቅርቡ ይታያል፣ የሩቁ ይደበዝዛል። ተቃራኒው ሃይፐሮፒያ ነው። የኮርኒያው ክብነት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካልሆነ ደግሞ አስቲግማቲዝም ይሆናል፤ መስመሮች ይንጋደዳሉ ወይም ጥላ ያበጃሉ። እነዚህ ሦስቱ በጥቅሉ የብርሃን አሰባሰብ ችግሮች ናቸው እንጂ በሽታ ተላላፊ አይደሉም። አራተኛ ዘመድም አላቸው፦ ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የዓይን ሌንስ እየደረቀ ስለሚሄድ የቅርብ ነገር ማየት ይከብዳል። አኮ (አርሲ ውስጥ ሴት አያታችንን የምንጠራበት ነው) መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ልጅ የምትጠራው ለዚህ ነው።

የእኔ ቁጥር በሁለቱም ዓይን ከዜሮ በታች 2.50 ነበር። ቁጥሩ ዳዮፕተር ይባላል፤ ትርጉሙም ቀላል ነው። አንድ ሜትርን ለቁጥሩ ስናካፍል፣ ሰውየው ያለ መነጽር ጥርት አድርጎ የሚያይበትን የመጨረሻ ርቀት እናገኛለን። 1 ሲካፈል ለ2.50፣ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከ40 ሳንቲ ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ደረጃ በደረጃ ይደበዝዛል ማለት ነው። ደብተሬ ይታየኛል፤ ሰሌዳው አይታየኝም። ወደ ርዝመት ሲለወጥ ይህ ቁጥር ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የራቀ አይደለም። ለዓመታት «ትኩረት የላትም» ያስባለኝ አንድ ሚሊሜትር ነው።

የማዮፒያ መነጽር መሃሉ የሳሳ፣ ዳሩ የወፈረ ሌንስ ነው። ብርሃኑን ወደ ዓይን ከመግባቱ በፊት ትንሽ ይበትነውና መሰብሰቢያውን ወደ ኋላ፣ ወደ ሬቲናው ይገፋዋል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ዓይንን አያድንም፣ አይጎዳምም። «መነጽር» የሚለው ቃል ራሱ «ነጸረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ነው፤ ተመለከተ ማለት ነው። መነጽር መመልከቻ ነው።

የማያም ዓይን ማን ያየዋል?

እኛ አገር የዓይን ችግር ሲባል የሚታወቁት ሁለት ናቸው። አንዱ የዓይን ማዝ ወይም ትራኮማ ነው። ይህ ያማል፤ ዓይን ይቀላል፣ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ይወጋል። ሁለተኛው የዓይን ሞራ ነው፤ ብሌኑ ሲነጣ ጎረቤትም ያየዋል። ሁለቱም ምልክት አላቸው። የብርሃን አሰባሰብ ችግር ግን ከውጪ ሲታይ ምንም የለውም። እናቴ ዓይኔን በእጇ ገልጣ አይታ፣ «ኧረ ንጹሕ ነው!» ብላ ነበር። እውነቷን ነው፤ ንጹሕ ነው። ችግሩ ያለው እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው።

በ1998 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2005-2006) በመላው አገሪቱ የተደረገ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የቀነሰ መሆኑን አሳይቷል። የዓይነ ስውርነት ዋናው ምክንያት የዓይን ሞራ ሲሆን ግማሽ ያህሉን ይይዛል። አቅማቸው ከቀነሰባቸው መካከል ግን በመነጽር የሚስተካከለው ችግር 33.4 በመቶ ነው፤ ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ይህ ቁጥር አዋቂውንም ይጨምራል። ልጆችን ብቻ ለማየት ጎንደርን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በጎንደር ከተማ የሚማሩ 1,852 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን መርምሮ 174ቱ፣ ማለትም 9.4 በመቶው፣ ይህ ችግር እንዳለባቸው አግኝቷል። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል ብናሰላው አራት ወይም አምስት ልጅ ነው። እነዚያ አራት አምስት ልጆች የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ የሚያውቅ አለ?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ማዮፒያ የከተማና የስክሪን ልጆች ችግር አይደለም ወይ? በከፊል ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ የቻይና ጥናት በጓንግዡ ከተማ ለተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ የ40 ደቂቃ የውጪ ጊዜ ጨምሮ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ከእነዚህ ልጆች ማዮፒያ የጀመራቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጨመረላቸው መካከል 39.5 በመቶ ሆነዋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ መዋል ይጠቅማል። ከብት እየጠበቀና ኳስ እየተጫወተ የሚያድግ የደጋ ልጅ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ግን ዝርያም ድርሻ አለው፤ ሜዳ ላይ መዋል ቁጥሩን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። እኔም ከሜዳ አልጠፋም ነበር።

እንዴት ይለያል?

መጀመሪያ ምልክቶቹን ማወቅ ነው። ልጁ ሩቅ ሲያይ ዓይኑን ያጨነቁራል። ሰሌዳው አጠገብ ይሄዳል። ከጎረቤቱ ደብተር ይገለብጣል። መጽሐፍ ወደ ፊቱ ያስጠጋል። በቃል ጎበዝ፣ በሰሌዳ ደካማ ይሆናል። ማዶ ያለ ሰው አይለይም። ራሱን ያመዋል፤ በተለይ ሃይፐሮፒያና አስቲግማቲዝም ያለበት።

ማጨንቆር ለምን ይረዳል? ይህን ለማየት አንድ ሙከራ ልስጣችሁ። ወረቀት በመርፌ ቀዳችሁ በአንድ ዓይናችሁ በቀዳዳው ሩቅ ያለ ጽሑፍ ተመልከቱ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ አውልቁትና ሞክሩ። ደብዛዛው ጽሑፍ በቀዳዳው በኩል ጥርት ካለ ችግሩ የብርሃን አሰባሰብ ነው፤ መነጽር ያስተካክለዋል። ቀዳዳው የተበተነውን ብርሃን ከልክሎ ቀጥ ያለውን ብቻ ስለሚያሳልፍ ነው። ዓይኑን የሚያጨነቁር ልጅም ሳያውቀው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በቀዳዳውም ካልጠራ ሌላ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት።

ትክክለኛው መለኪያ ሰንጠረዥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1862 ኸርማን ስኔለን የተባለ የኔዘርላንድ የዓይን ሐኪም ያወጣው ነው። ፊደል ለማይለዩ ልጆች ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የዞረ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል «ኢ» ብቻ ያለበት ሰንጠረዥ አለ። ልጁ በጣቱ አቅጣጫውን ያሳያል። በ6 ሜትር ርቀት ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ፣ በየተራ ነው። «6/60» ከተባለ፣ ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር የሚያየውን ይህ ልጅ ያየው ከ6 ሜትር ነው ማለት ነው። ብዙ የትምህርት ቤት ምርመራዎች የ6/12 መስመርን ማንበብ ያልቻለውን ወደ ባለሙያ ይልካሉ። ይህን ለመለየት መምህር ጥቂት ሰዓት ሠልጥኖ መሥራት ይችላል። ቁጥሩን መወሰን ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት በኦፕቶሜትሪ በዲግሪ የሚያስመርቁት ለዚህ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በሕፃንነቱ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚደበዝዝበት ልጅ ካለ፣ አንጎሉ የደበዘዘውን ዓይን እየተወ በሌላኛው ብቻ ማየት ይለምዳል። ይህ አምብሊዮፒያ ይባላል። ሰባት ስምንት ዓመት ሳይሞላው ከተደረሰበት በመነጽርና ደህናውን ዓይን ለተወሰነ ጊዜ በመሸፈን በደንብ ይሻሻላል። ሲዘገይ ግን ማስተካከሉ እየከበደ ይሄዳል። አንድ ዓይን ደህና ስለሆነ ደግሞ ማንም አይጠረጥርም። አንድ ዓይን መሸፈን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የስንዴው መነጽር

እኔ የተመረመርኩት አሰላ ነው፤ መነጽሩ የተሠራው አዳማ። ጎበሳ ላለ ገበሬ ይህ ሁለት ጉዞ፣ የትራንስፖርት፣ የምሳና የመነጽር ወጪ ማለት ነው። አባቴ አንድ ኩንታል ስንዴ ሸጠ። ከዚያ በፊት አንድ ዘመዳችን ከገበያ የተዘጋጀ መነጽር ገዝቶልኝ ነበር። ለትልልቅ ሰዎች ማንበቢያ የሚሸጠው ዓይነት ነው፤ ሳደርገው ሩቁ ይባስ ደበዘዘ፣ ራሴንም አመመኝ። አሁን ምክንያቱ ይገባኛል። የማንበቢያ መነጽር መሃሉ የወፈረ ሌንስ ነው፤ ለእኔ ከሚያስፈልገው ፍጹም ተቃራኒ። «መነጽር ሁሉ መነጽር ነው» የሚባል ነገር የለም።

ትክክለኛውን ሳደርግ ያየሁትን ብዙ አላራዝመውም። የመብራት ምሰሶዎቹ መካከል ሽቦ መኖሩን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እቤት ስደርስ እናቴ ማጀት እንጀራ እየጋገረች ነበር፤ ከብርዱ ስገባ መነጽሬ በእንፋሎት ታፍኖ ሁሉም ጠፋ። «ይኼ ነው እንዴ ስንዴያችንን የበላው?» ብላ ሳቀች። በሳምንቱ የቤት ሥራዬ ላይ 3ቱ 3 ሆነ።

«አራት ዓይና»

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። መነጽር ያደረገ ልጅ ግን ሁለተኛ ፈተና ይጠብቀዋል። ክፍል ስገባ በአማርኛ «አራት ዓይና!»፣ በኦሮምኛ «ኢጀ አፉር!» የሚል ጩኸት ተቀበለኝ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ለእናቴ፣ «ውይ እትዬ፣ ሴት ልጅ መነጽር አድርጋ ማን ያገባታል?» አለቻት። ያኔ አሥር ዓመቴ ነው እንግዲህ!

የሚገርመው «አራት ዓይና» ስድብ አለመሆኑ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት አራት ዓይና የሚባለው የብሉይን፣ የሐዲስን፣ የሊቃውንትንና የመነኮሳትን መጻሕፍት ትርጓሜ አራቱንም አጠናቆ የያዘ መምህር ነው። አራት ዓይናው ጎሹ ስማቸው የተጠራው በዚህ ክብር ነው። ትልቁ የእውቀት ማዕረግ እንዴት ብሎ የልጅ መቀለጃ ሆነ? መልሱን አላገኘሁትም፤ ግን ትርጉሙን ካወቅኩ በኋላ ስሙን ወደድኩት።

ከስድቡ የሚብሰው ወሬው ነው። «መነጽር ዓይን ያሰንፋል፤ ከለመድሽው አትላቀቂውም» ይባላል። የልጅ ማዮፒያ የሚጨምረው ዓይኑ ከአካሉ ጋር እያደገ ስለሚረዝም ነው፤ መነጽር ተደረገም አልተደረገም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2002 ማሌዢያ ውስጥ 94 ልጆችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ «ዓይናቸው እንዳይለምድ» ተብሎ ቁጥሩ ያነሰ መነጽር የተሰጣቸው ልጆች ችግራቸው ሙሉ ቁጥር ከተሰጣቸው ይበልጥ እንደጨመረ አሳይቷል።

መነጽር ውጤት ይለውጣል ወይ ለሚለውም መልስ አለ። በቻይና ገጠር በ252 ትምህርት ቤቶች ከ3,000 በላይ ልጆች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ነፃ መነጽር የተሰጣቸው ልጆች በሒሳብ ፈተና ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አመጡ። ይህም የሆነው በድንገት ሲታዩ መነጽራቸውን አድርገው የተገኙት ከግማሽ በታች ሆነው ሳለ ነው። መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ሳያፍር እንዲያደርገው ማድረግ ሌላ ነገር።

ምን ይደረግ?

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገራት እ.ኤ.አ. በ2021 መነጽር በትክክል የሚያገኘው ሰው ድርሻ እስከ 2030 ድረስ በ40 የመቶኛ ነጥብ እንዲያድግ ተስማምተዋል። ድርጅቱ እንደሚለው በዓለም ላይ በዚህ ችግር ሩቅ ማየት ከተሳናቸው ሰዎች ትክክለኛ መነጽር ያገኙት 36 በመቶ ብቻ ናቸው። ትልቅ ዕቅድ ጥሩ ነው። ጎበሳ ላይ ግን የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው፦ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ምዝገባ ሲያልቅ፣ እያንዳንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ተለጥፎ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ቢፈተሽ። ከክፍሉ ውስጥ የሚላኩት አራት አምስት ልጆች ናቸው። ለእነሱ ደግሞ ወላጅ አንድ ኩንታል ስንዴ እንዳይሸጥ፣ መርማሪው ወደ ወረዳው የሚመጣበት መንገድ ቢታሰብ መልካም ነው።

የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች በየክረምቱ ወደየአገራችን እንሄዳለን፤ ብዙዎቻችን እህት፣ ወንድም፣ የአክስት ልጅ አለን። የካርድ ውጤቱን ከመጠየቃችን በፊት፣ ከደጃፍ ቆመን ማዶ ያለውን ምልክት ወይም ታርጋ እናስነብበው። የምንዘግብም ከሆነ «ሰነፍ ተማሪዎች በዙ» የሚል ዜና ይዘን ከመምጣታችን በፊት ከክፍሉ ኋላ ወንበር ተቀምጠን ሰሌዳው ይነበብ እንደሆነ እንይ። መነጽር ያደረገ ልጅ ካገኘን ደግሞ አራት ዓይና ብለን እንጥራው፤ ግን ትርጉሙን እንንገረው።

ቸር እንሰንብት!